ግሸን ለምን «ደብረ ከርቤ» ተባለ? ስለ ስሙ ትርጉምና ታሪክ የተደረገ ውይይት

ወለተ ማርያም
ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? የጉዞ ማኅበራችን ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ለሚሄዱ ምእመናን የሚታደል አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ መድቦኝ ነበር። ስለ ግማደ መስቀሉና ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚለውን ክፍል ያለ ብዙ ችግር ጨረስኩት። ስለ ስሙ ስደርስ ግን «ቀድሞ ከርቤ የሚባለው ዛፍ ይበቅልበት ስለነበር ደብረ ከርቤ ተባለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ሲባል ስሰማ ስላደግሁ ልጠይቅ አላሰብኩም። ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ አባት ያችን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩባትና በኅዳጉ ላይ «ልጄ፣ ይህን ከየት አገኘሽው?» ብለው ጻፉበት። ከየትም እንዳላገኘሁት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሺህ ሰው በእግሩ ወጥቶ ለሚሳለመው ቦታ ስሙን በግምት ተርጉሞ ማደል ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው ብዬ ስላመንኩ እናንተን ልጠይቅ መጣሁ። «ግሸን» ማለት ምንድን ነው? «ደብረ ከርቤ»ስ ማን፣ ለምን አለው?

የግዕዝ ተማሪ
እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ጥያቄሽን ከሁለቱ ቃላት ከፊተኛው ልጀምርልሽ፤ ብዙ ሰው «ደብረ» የሚለውን እንደ ማዕረግ ብቻ እየወሰደ ያልፈዋልና። «ደብር» በግዕዝ ተራራ ማለት ነው፤ ብዙ ቁጥሩም «አድባር» ነው። ደብረ ሲና የሲና ተራራ፣ ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ፣ ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ ነው። አባቶች ለጸሎትና ለብሕትውና ተራራውን ስለመረጡና ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ በከፍታ ላይ ስለተሠራ ቃሉ ቀስ በቀስ ከተራራው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተዛወረ፤ ዛሬ በአማርኛ «ደብር» ስንል በሜዳ መካከል የታነጸውንም እንጨምራለን። «ገዳም»ም እንዲሁ በግዕዝ ምድረ በዳ፣ ዱር ማለት ሆኖ ሳለ ዛሬ የመነኮሳት መኖሪያ ነው። «አድባር» ደግሞ በሕዝቡ አፍ ሌላ መንገድ ይዞ ሄዶ፣ የአገሩ ጠባቂ መንፈስ ያድርበታል የሚባለው ትልቅ ዛፍ መጠሪያ ሆኗል። አንድ ቃል ተራራም ቤተ መቅደስም ዛፍም ሆኖ ሲገኝ፣ ሰው ከፍ ያለ ቦታን በምን ዓይን ሲያይ እንደኖረ ያሳያል።

ስለዚህ «ደብረ ከርቤ» በቀጥታ ሲተረጎም «የከርቤ ተራራ» ነው። በግሸን ላይ ቃሉ ሁለቱንም ትርጉሞቹን ይዞ መቆየቱ ደስ ይላል፤ ቦታው ተራራም ነው፣ የአድባራት መቀመጫም ነው።

የቆላው ልጅ
ስለ ዛፉ እኔ ልናገር፤ ያደግሁት ከርቤ በሚለቀምበት አገር በቦረና ነው። ከርቤ የደረቅ ቆላ ዛፍ ነው፤ በአገራችን በሶማሌ ክልልና በቦረና ዝቅተኛ ምድር ይገኛል። ቁመቱ አጠር ያለ፣ እሾሃም፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል የሌለው፣ ለማያውቀው ሰው የሞተ የሚመስል ነው። ግንዱ ሲሰነጠቅ ወይም በመሣሪያ ሲቆረጥ እንደ እንባ የሚወርድ ፈሳሽ ያወጣል፤ ያ ፈሳሽ አየር ሲነካው እየደረቀ ቡናማ፣ ቀላ ያለ ቁርጥራጭ ይሆናል። በጣት ሲታሽ ያጣብቃል፣ በጥርስ ሲነከስ ምላስን የሚያኮማትር ምሬት አለው፤ ፍም ላይ ሲጣል ግን ያ ምሬት ሁሉ መዓዛ ይሆናል።

ግሸን ደጋ ነው። ዐለቱ በብርድና በጉም የሚውል አገር ላይ የከርቤ ዛፍ በቅሎ ነበር ማለት ለእኔ የማይታመን ነው። ያ አባት ዓረፍተ ነገሯን ማስመራቸው ትክክል ነው እላለሁ።

ኑሩ ዘአምባሰል
እኔ የአምባሰል ሰው ነኝ፤ በሃይማኖት ሙስሊም ብሆንም ግሸን የልጅነቴ ተራራ ነው፤ የአያቴ እርሻ ፊት ለፊቱ ካለው ሸንተረር ላይ ነበር። ከዚያ ሸንተረር ሆኖ ሲያዩት የአምባው አናት በአራት አቅጣጫ ክንድ የዘረጋ መስቀል መሆኑ ያለ ጥርጥር ይታያል፤ ማንም ሳያስረዳኝ በልጅነቴ ያየሁት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በእኛ ቀዬ ሽማግሌዎች «ደብረ ከርቤ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእነርሱ ቦታው «ግሸን» ነው፣ በዓሉም «የግሸን» ነው። «ደብረ ከርቤ»ን የሚሉት ካህናቱና ከሩቅ የሚመጡት ምእመናን ናቸው። ሁለቱ ስሞች የሁለት ዓይነት ሰዎች ስሞች ይመስሉኛል።

ስለ «አምባሰል» ደግሞ አያቴ ይነግሩን የነበረው «አምባ ዐሰል» ከሚል መጣ፣ «ዐሰል» በዐረብኛ ማር ነው፣ የማር አምባ ማለት ነው የሚል ነው። ንቦቹ ሰው ሊደርስበት በማይችል ገደል ላይ ሲሰፍሩ፣ ማሩ በሙቀት ቀልጦ በዐለቱ ላይ ሲወርድ ይታይ ነበር ይላሉ። ይህን እንደ ሰማሁት አቀረብኩ፤ ስለ እውነትነቱ የተማሩት ይፍረዱ። ስማችን ከተራራው አልፎ እስከ ቅኝቱ መድረሱን ግን ሁሉም ያውቃል፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራተኛው ቅኝት አምባሰል ነውና።

የግዕዝ ተማሪ
ወንድሜ ኑሩ፣ «የሁለት ዓይነት ሰዎች ስሞች» ያልከው ቋንቋውም የሚመሰክረው ነው። «ግሸን» ውስጥ ያለውን «ሸ» ተመልከቱ። በግዕዝ ፊደል «ሸ» የለም። አማርኛ ግዕዝ የሌሉትን ድምፆች ሊጽፍ ሲፈልግ በነበሩት ፊደላት ላይ ምልክት ጨመረ፤ ከ«ተ» «ቸ»ን፣ ከ«ነ» «ኘ»ን፣ ከ«ደ» «ጀ»ን፣ ከ«ሰ»ም በራሱ ላይ አግድም ሰረዝ በማስቀመጥ «ሸ»ን አወጣ። ያ ትንሽ ሰረዝ «ግሸን» የቤተ መቅደሱ ቋንቋ ያወጣው ስም ሳይሆን የአገሩ ሰው በአፉ ይዞት የኖረ ስም መሆኑን ይነግረናል። «ደብረ ከርቤ» ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግዕዝ ነው።

አንዳንዶች «ግሸን»ን «ጌሠ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሊያወጡት ይሞክራሉ፤ ማልዶ ሄደ፣ ገሠገሠ ማለት ነው። ለተሳላሚ የሚስማማ ውብ ትርጉም በመሆኑ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ይህ ነው። ከግዕዝ «ሠ» ወደ አማርኛ «ሸ» የተለወጡ ቃላት በእርግጥ አሉ፤ «ሤጠ» «ሸጠ» ሆኗል፣ «ሤመ» «ሾመ» ሆኗል፣ «ሢበት»ም «ሽበት» ሆኗል። ነገር ግን በሦስቱም ላይ እንደምታዩት «ሠ» የተለወጠው ከ«ኢ» ወይም ከ«ኤ» ድምፅ በፊት ሲውል ነው። በ«ጌሠ» ላይ «ኤ» ከ«ሠ» በፊት እንጂ በኋላ አይደለም፤ የአማርኛ ዘመዱም «ገሠገሠ»፣ «ግሥጋሴ» እየተባለ ድምፁን ሳይለውጥ ኖሯል። በስሙ ላይ ብቻ ለምን ይለወጣል? ማማሩ ብቻውን የቃል ምንጭ ሊሆን አይችልም። ለጽሑፍሽ፣ እኅቴ፣ «ግሸን» የአምባው የጥንት የአገር ስም ነው ብለሽ ብታልፊው በቂ ነው።

የታሪክ አንባቢ
በጣም ጠቃሚ ውይይት ነው። የስሙን ታሪክ ያለ አምባው ታሪክ መረዳት ስለማይቻል ጥቂት ልበል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አምባው ከግማደ መስቀሉ በፊት በታሪክ የሚታወቀው የነገሥታት ልጆች መጠበቂያ በመሆኑ ነው። ከይኩኖ አምላክ በኋላ በነገሡት ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ለዙፋን ሊወዳደሩ የሚችሉትን የንጉሣዊ ቤተሰብ ወንዶች በአምባው ላይ ማኖር ተጀመረ። ገደሉ በዙሪያው ስለከበበው በጥቂት ጠባቂ ሊያዝ የሚችል ቦታ ነው። የአምባሰል ገዢ «ጃንጥራር» የሚለውን ማዕረግ ይይዝ የነበረውም ከዚህ ከአምባው ጠባቂነት ጋር ተያይዞ ነው፤ ማዕረጉ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘልቆ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ይባሉ ነበር። በትውፊት ስሞቹ ሲቆጠሩ አምባው ደብረ እግዚአብሔርም፣ ደብረ ነገሥትም ተብሎ ይጠራ እንደነበር ይነገራል፤ የፊተኛው ከእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ጋር፣ የኋለኛው ከእነዚሁ የነገሥታት ልጆች ጋር ይያያዛል።

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ1434 ወደ ዙፋን የተጠራው ከዚሁ ከግሸን አምባ ነው፤ ወጣትነቱን ያሳለፈበት ቦታ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት በአባቱ በዐፄ ዳዊት ዘመን የመጣውን ግማደ መስቀል የት እንደሚያኖር ሲጨነቅ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል»፣ መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር፣ የሚል ቃል በራእይ ሰማ፤ መስቀለኛ ቦታ ሲፈልግም ቆይቶ ግሸንን አገኘ። ይህን የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት በግሸን ይገኛል፤ መጽሐፉም ይህን ስም ያገኘው ጽሕፈቱ እንደ ጤፍ የደቀቀ ስለሆነ ነው ይባላል። ደብረ ከርቤ የሚለው ስም ለአምባው የተሰጠውም በዚሁ ንጉሥ ዘመን እንደሆነ ትውፊቱ ያስረዳል።

ለእኔ ይህን ትውፊት የሚያጠናክርልኝ የንጉሡ ልማድ ነው። ዘርአ ያዕቆብ ቦታዎችን አዲስ ስም የመስጠት ልማድ ነበረው። በ1441 ገደማ በግብፅ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ገዳም መፍረሱን ሲሰማ በተጉለት በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ በሰማይ ብርሃን የታየበትንም ሌላ ቦታ ደብረ ብርሃን አለው። ሰውዬው የሰማውን ሐዘንና ያየውን ድንቅ ነገር በምድር ላይ በስም የሚጽፍ ንጉሥ ነበር። መስቀሉን ያኖረበትን ተራራ፣ ያውም ራሱ ታግቶ የኖረበትን ተራራ፣ ያለ አዲስ ስም ይተወዋል ብዬ ማሰብ ይከብደኛል። እስር ቤቱ የነበረውን ቦታ ወደ መቅደስነት ሲለውጠው ስሙም አብሮ መለወጥ ነበረበት።

አንድ ተጨማሪ ስም አለ፤ እኛ ሳንሰጠው ዓለም የሰጠው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ የነገሥታት ልጆች ስለሚኖሩበት ተራራ ጽፎ ነበር፤ አምባው የሚገኘው በጥንቱ ቤተ አምሐራ ስለሆነ በአውሮፓ «የአማራ ተራራ» እየተባለ መነገር ጀመረ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ግጥሙ ውስጥ በዚሁ ስም ጠርቶት ከገነት ጋር አነጻጽሮታል። የአገሩ ሰው «ግሸን» ሲል፣ ካህኑ «ደብረ ከርቤ» ሲል፣ ቦታውን በዓይኑ ያላየ የሩቅ ባለቅኔ ደግሞ «አማራ» ሲለው ኖረ ማለት ነው። መሳፍንቱ ግን ያን ጊዜ በአምባው አልነበሩም፤ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት በ1530ዎቹ ሞክሮ ሳይሆንለት ቀርቶ በ1540 ገደማ አምባውን ከያዘው በኋላ ያ ሥርዓት በዚያ ቆመ። በጎንደር ዘመን የተተካው በወህኒ አምባ ነው፤ ዛሬ «ወህኒ ቤት» ስንል ያንኑ ተራራ በአፋችን እንጠራዋለን። ግሸን ከመስቀሉ በፊት የነበረውን ሥራ ብቻ ይዞ ቢቀር ኖሮ ምናልባት የእስር ቤት መጠሪያ የሚሆነው የእርሱ ስም ነበር።

ደቀ መዝሙር
የታሪኩን ወንድሜ በሚገባ አስቀምጦታል። እኔ «ለምን ከርቤ?» ለሚለው ብቻ ልመልስ።

በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ላይ ሙሽራው ወደ ከርቤው ተራራ፣ ወደ ዕጣኑም ኮረብታ እሄዳለሁ ይላል። የከርቤ ተራራ የሚለው በግዕዝ ሲነገር «ደብረ ከርቤ» ነው፤ የዕጣን ኮረብታም «ወግረ ስኂን» ነው። እንግዲህ ይህ ስም ለተራራችን በአዲስ የተፈጠረ ሳይሆን በመጽሐፍ የነበረ ስም ነው። ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ሊባኖስ እያልን የመጽሐፍ ቅዱስን ተራሮች በአገራችን ተራሮች ላይ እንደምንጠራ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ያኛው በካርታ ላይ ያለ፣ ይህኛው በመዝሙር ውስጥ ያለ ተራራ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ በቦታው እመቤታችን ትከበራለች፤ መስከረም 21 የእርሷም በዓል ነው። በግዕዙ አቆጣጠር መዝሙር 44 ላይ የንጉሡ ልብስ ከርቤ ከርቤ እንደሚሸት ይነገርና ወዲያው «ወትቀውም ንግሥት በየማንከ»፣ ንግሥቲቱ በቀኝህ ትቆማለች፣ ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ለእመቤታችን ትዘምረዋለች። ከርቤና ንግሥት በአንድ መዝሙር ጎን ለጎን ናቸው።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መስቀሉ ነው። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ሲያመጡ አባቶች ወርቁን ለመንግሥቱ፣ ዕጣኑን ለክህነቱ፣ ከርቤውን ለሞቱ ብለው ይተረጉሙታል። በዕለተ ዓርብ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን አቀረቡለት፤ አልተቀበለውም። ኒቆዲሞስም ሥጋውን ለመቅበር ከርቤና እሬት ቀላቅሎ መጣ። ከርቤ በልደቱም፣ በስቅለቱም፣ በመቃብሩም አለ። የመስቀሉ ክፍል ያረፈበት ተራራ የከርቤ ተራራ ቢባል ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? የቆላው ወንድማችን «ፍም ላይ ሲጣል ምሬቱ መዓዛ ይሆናል» ሲል ያለውን እያነበብኩ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ።

እሸቱ
ሁሉንም በአክብሮት አነበብኩ፤ አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ደቀ መዝሙር ሦስት ምክንያቶች አቀረበ፤ ሦስቱም ያማራሉ። የግዕዝ ተማሪ ደግሞ ከላይ «ማማሩ ብቻውን የቃል ምንጭ ሊሆን አይችልም» ብሎን ነበር። ታዲያ በ«ጌሠ» ላይ የተጠቀምንበትን መስፈሪያ በ«ከርቤ» ላይ ለምን እንተወዋለን?

የግዕዝ ተማሪ
ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለጠየቅህ አመሰግንሃለሁ። ሁለቱ ስሞች የተለያየ ዓይነት ናቸው። «ግሸን» ማንም ተቀምጦ ያላወጣው፣ በአፍ የኖረ ስም ነው፤ እንዲህ ያለውን ስም የምንመረምረው በድምፅ ሕግ ነው፤ ስም ያወጣ ሰው ስለሌለ «ምን አስቦ ነው?» ብለን የምንጠይቀው የለም። «ደብረ ከርቤ» ግን መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች አስበው የሰጡት ስም ነው። የቃሉ ትርጉም አላጠራጠረንም፤ የጠየቅነው ሐሳባቸውን ነው። ሐሳባቸውን ደግሞ ያነቡት በነበረው መጽሐፍ፣ በተራራው ላይ ባኖሩት ነገርና በሌሎች ቦታዎች ላይ ባወጡት ስም መመርመር ይቻላል። የመኃልየ መኃልይ ቃል ስሙን እንዳለ ይዟል፤ ይህ ከማማር በላይ ነው። ከሦስቱ የትኛው ቀደመ ለሚለው ግን፣ የዘመኑ ሊቃውንት አንዱን ቃል በብዙ ምሥጢር መተርጎም ልማዳቸው ስለነበር፣ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የእነርሱ አካሄድ አይመስለኝም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ዕብራይስጡ «ሞር»፣ ዐረብኛውም «ሙር» የሚሉት ከምሬቱ ተነሥተው ነው፤ የእኛ «መራራ» የዚያው ሥር ዘመድ ነው። ግዕዙ ግን ምሬትን በስሙ ውስጥ አላስገባም፤ «ከርቤ» ብቻ አለው። ስለዚህ «ደብረ ከርቤ»ን «የመራራ ተራራ» እያሉ የሚተረጉሙ ካጋጠሙሽ፣ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ ትርጉም መሆኑን እወቂ።

ኑሩ ዘአምባሰል
የ«ዐሰል»ን ነገር ማንም አልነካውም። በዚሁ መስፈሪያ ቢታይ ምን ይሆናል?

የግዕዝ ተማሪ
ወንድሜ፣ ያለፍሁት በቸልታ አይደለም። የአገሩ ሰው ማሩን «ማር» እያለ ተራራውን ብቻ በዐረብኛ የጠራበት ምክንያት ሊገለጥልን ይገባል። በሌላ በኩል ወሎ ዐረብኛ በመንዙማና በትምህርት ለረጅም ዘመን ከአማርኛ ጋር ተቀላቅሎ የኖረበት አገር ነው። የድምፅ ሕጉም አይቃወመውም። ስለዚህ ከ«ጌሠ» የተሻለ ይቆማል፤ አያትህ የነገሩህን በስማቸው ጻፈው፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠፋው ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

ወለተ ማርያም
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኑሩ፣ ለአንተም በተለይ፤ አያትህ ያዩትን ማር ጉዟችን ላይ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። የቀድሞውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ በምትኩ ይህን ጻፍሁ፦

«ግሸን የአምባው ጥንታዊ የአገር ስም ነው። ደብረ ከርቤ ማለት በግዕዝ የከርቤ ተራራ ማለት ሲሆን፣ ስሙ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን እንደተሰጠ በትውፊት ይነገራል። ከርቤ በቆላ የሚበቅል ዛፍ ሙጫ ነው፤ በተራራው ላይ ይበቅል ስለነበር ሳይሆን፣ በመኃልየ መኃልይ የተነገረውን የከርቤ ተራራና በጌታ መቃብር የቀረበውን ከርቤ በማሰብ የተሰጠ ስም ነው።»

ነገ ለአባታችን አሳያቸዋለሁ።

ደቀ መዝሙር
እኅቴ፣ «በማሰብ የተሰጠ ስም ነው» የምትለውን «በማሰብ እንደተሰጠ አባቶች ይተረጉማሉ» ብትያት ይሻላል። ንጉሡ በልቡ ያሰበውን እኛ ቆመን አላየንም።

ወለተ ማርያም
አስተካክያለሁ።